ብረቱ የጮኸበት ቀን

ውድ ወንድሜ፣

ዛሬ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቆሜ፣ ግድግዳ ሳልደገፍ፣ ጥርሴን ሳልነክስ ሸናሁ። አላቃጠለኝም።

ሰባ አንድ ዓመት ኖሬ ስለ ሽንቴ ለሰው ደብዳቤ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን ስልክህን ዘግተሃል። ባለቤትህ ደውላ «ጋሼ፣ የርስዎን ስም ስጠራበት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል» ብላኛለች። ደብዳቤ ፊት ቢያዞሩበትም ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ እንደኔ ግትር ነው። ስለዚህ ጻፍኩልህ። እግርህ ላይ የታሰረው የሽንት ከረጢት ሞልቶ ከሆነ መጀመሪያ ድፋውና ተመልሰህ አንብብ። ሳትጨርስ እንዳትነሣ።

ያየኸውን አልክድህም። ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ቱቦው በወጣልኝ ማግስት፣ ሽንት ቤት ገብቼ ጮህኩ። ማቃሰት አልነበረም፤ ጩኸት ነው። ስወጣ ዐይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። አንተ በማግስቱ ለኦፕራሲዮን የምትለብሰውን አረንጓዴ ልብስ ጭንህ ላይ አድርገህ አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጠሃል። ተያየን። «ጋሼ?» አልከኝ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ጀርባዬን ሰጠሁህ።

ስነቃ አልጋህ ባዶ ነው። አረንጓዴው ልብስ ተጣጥፎ ትራሱ ላይ ተቀምጧል። ጥበቃውን ጠየቅኩት። «ሽማግሌው እኮ ከረጢቱን ሱሪያቸው ውስጥ ደብቀው፣ ጠያቂ መስለው፣ 'በሽተኞቹን ይማርልን' ብለውኝ ወጡ» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ በዚያ ቀን ግን ሳቅም ያመኝ ነበር።

ለባለቤትህ ያልካትን ነግራኛለች። «ብረቱ ከጮኸ እኔ ምን ልሆን ነው?»

ብረቱ። ይህን ስም በቧንቧ ወርክሾፓችን ያወጣህልኝ አንተ ነህ፤ ሠራተኞቹ ተቀበሉህ፣ ደንበኞቹ ተከተሉ። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽህም። አሁን ግን ይህ ስም የሠራውን ጥፋት ልንገርህ። አንተን ከዚህ ክፍል ያባረረህ ኦፕራሲዮኑ አይደለም። እኔ ነኝ።

ቀድሜ ልግባ ያልኩት መንገዱን ላሳይህ ብዬ ነበር። በሽታችን አንድ፣ ሐኪማችን አንድ፣ ክፍላችን አንድ። ወገቤን ከውሃ ታንከር መሰላል የወደቅኩ ጊዜ ስለ ሰበርኩት፣ በጀርባ የሚሰጠው መርፌ አይሆንም አሉና በሙሉ ማደንዘዣ አስተኙኝ። ዶክተሩ «የምንቀደው ነገር የለም አባባ፤ በሽንት መውጫው ገብተን የዘጋውን የፕሮስቴት ሥጋ እንጠርጋለን» አለኝ። እንዳለውም አደረገ። ሥራው ንጹሕ ነው። ሥራ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ንጹሕ ሥራ ሳይ አላልፍም።

ማደንዘዣው ሲለቀኝ የመጀመሪያው ስሜት ምን እንደ ነበረ ታውቃለህ? ሽንቴ መጣ። ፊኛዬ ሊፈነዳ የደረሰ መሰለኝ። ልነሣ ስል ሲስተሯ ደረቴን ይዛ መለሰችኝ። ያቺን አጭሯን፣ ድምፅዋ እንደ ፉጨት የሚወጋውን ማለቴ ነው።

«ፊኛዎ ባዶ ነው አባባ። ሽንቱን ቱቦው እየወሰደልዎ ነው። ቱቦው ስለሚቆረቁረው ነው የመጣ የሚመስልዎ። ከዜሮ እስከ ዐሥር ቢቆጥሩት ሕመሙ ስንት ይሆናል?»

ላቤ ወደ ጆሮዬ እየወረደ «ዜሮ» አልኳት።

«ዜሮ?»

«ዜሮ ነው አልኩሽ እኮ።»

ጻፈች። የፊኛን ቁርጠት የሚያስታግስ መድኃኒት ጋሪዋ ላይ ነበር፤ በዐይኔ አይቼዋለሁ። ያመመው ሲናገር ይሰጠዋል፤ ያልተናገረ ደግሞ ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል። በቀን አራት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ አራት ጊዜ ዜሮ አልኩ። በሁለተኛው ቀን ክፍሉ በሙሉ «አባባ ዜሮ» ብሎ ይጠራኝ ጀመር። አንተም ስቀህ ነበር። እኔም ኮርቼ ነበር።

ሌላም ልጨምርልህ። ከመግባታችን በፊት ለሁለታችንም አንድ አንድ ወረቀት ሰጥተውናል፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ ምን እንደሚሰማን፣ ምን ማድረግ እንዳለብን የሚናገር። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ የባዕድ አገር የፓምፕ መመሪያ ቃል በቃል ያነበብኩ ሰው ነኝ። ስለ ገዛ ገላዬ የተጻፈውን አንድ ገጽ ግን አላነበብኩም። መነጽሬን ጠረግኩበት።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቱቦው ወጣ። የመጀመሪያዋ ጠብታ አቃጠለችኝ። ይህ ያለ ነው፤ ወረቀቱ ላይም ተጽፏል። ውስጡ የተላጠ ቁስል ስለ ሆነ ሽንት ሲነካው ያቃጥላል። እኔ ያደረግኩትን ግን ስማ፤ ከኔና ካንተ በቀር ይህን ስሕተት የሚሠራ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዐርባ ስምንት ዓመት በሠራንበት ሙያ፣ መስመር ተበላሸ ተብለን ስንጠራ የመጀመሪያ ሥራችን ምንድን ነው? ዋናውን ቫልቭ መዝጋት። «የቆሰለ መስመር ውሃ ካልመጣበት ያርፋል» ብዬ ዋናውን ዘጋሁት። ውሃ መጠጣት ተውኩ። አፌን እንኳ ተጉመጥምጬ ነው የተፋሁት።

አንድ ቀን ተኩል ያልጠጣ ሰው ሽንት ምን እንደሚመስል ታውቃለህ? የባትሪ አሲድ። ቀለሙም፣ ሽታውም፣ ሥራውም። ረቡዕ ያስጮኸኝ እሱ ነው። ስለዚህ አንተ በዚያ በር የሰማኸው የኦፕራሲዮኑን ሕመም አይደለም፤ የኔን ጥማትና የኔን ውሸት ነው።

ከሄድክ በኋላ አደብ የገዛሁ እንዳይመስልህ። ባሰብኝ። ሐሙስ ጠዋት ሲስተሯ ሁለት ሊትር የሚይዝ ጆግ አምጥታ «እስከ ምሳ ይህ ባዶ ሆኖ ላየው እፈልጋለሁ» አለችኝ። ባዶ ሆኖ አየችው። መስኮቱ ሥር በሸክላ የተተከለችውን አበባ ታስታውሳታለህ? ሰው ዘወር ባለ ቁጥር ለእሷ አጠጣኋት።

«አባባ፣ ስንት ጠጡ?»

«ሁለት ሊትር።»

«ሁለቱንም?»

«እኔ አልዋሽም።»

ማዶ ያለው የከባድ መኪና ሹፌር፣ ያ ጠጠር የወጣለት ወፍራሙ፣ እግሩን አልጋው ላይ ሰበሰበ። «ሲስተር፣ መቼም እኔ ነገር አቀባይ አይደለሁም። ግን ነጠላ ጫማዬ እየዋኘ ነው።»

ወለሉን አየች። ከሸክላው ሥር የሚወርደውን ውሃ በዐይኗ ተከትላ አበባዋ ጋ ደረሰች። ከዚያ እኔን አየች።

«ይህች አበባም አብራችሁ ነው እንዴ ኦፕራሲዮን የሆነችው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ከርስዎ በደንብ ትሸናለችና!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም። እሷም አልሳቀችም። ወንበር ስባ አጠገቤ ቁጭ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለምንድን ነው የማይጠጡት?» አለችኝ። ስለ ቫልቩ ነገርኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ ምን አለች መሰለህ?

«ቤታችን አዲስ ቧንቧ የዘረጋልን ሰውዬ፣ ሥራውን ጨርሶ ውሃውን ከፍቶ ግማሽ ቀን ሲያስፈስስብን 'ታንከሩን ልትጨርሰው ነው ወይ' ብዬ ጮኼበታለሁ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?»

የሚላትን ዐውቃለሁ። ላንተ ስንት ሺህ ጊዜ ያልኩህ ቃል ነው። «ፍቅፋቂው ይውጣ። ያልታጠበ መስመር አይረከብም።»

«እኔስ ሌላ ምን አልኩዎት?» አለች።

በገዛ ዱላዬ መታችኝ። ውሃ ያልፈሰሰበት አዲስ መስመር በራሱ ቆሻሻ እንደሚደፈን የማውቅ ሰው፣ ገላዬ ላይ ሲደርስ ጠፋኝ። ያኔ መዝገቧን ገለጠችና «እንደ አዲስ ልጠይቅዎ። ስንት ነው?» አለችኝ።

እኔ ግን አንተን እያሰብኩ ነበር።

የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሳለህ ጣትህ ብረት በምናስርበት ሞርሳ ውስጥ የገባ ጊዜ። አፍህን ከፍተህ ልትጮህ ስትል «ዋጠው!» አልኩህ። ዋጥከው። ሠራተኞቹ አጨበጨቡልህ። ስላልጮህክ ቀላል መስሎኝ ሐኪም ዘንድ የወሰድኩህ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ጣትህ ተጣሞ ቀረ። እስከ ዛሬ መፍቻ ስትይዝ ያቺ ጣት ለብቻዋ ቀና ትላለች። ባየኋት ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ እንጂ አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቅኩህም። ዛሬ እጠይቅሃለሁ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ። መዋጥን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ ትምህርቱም ስሕተት ነበር። ለዚህ ነው የኔ አንድ ጩኸት ያን ያህል ያስፈራህ። በየጊዜው «አመመኝ» ሲል የሚሰማ ወንድም ቢኖርህ ኖሮ፣ «ዛሬም አመመው» ብለህ ጋዜጣህን ታነብ ነበር።

«ዐሥር» አልኳት።

«አልሰማሁም» አለች። ሰምታለች፤ ክፉ ናት።

«ዐሥር! ዐሥር ነው! ከዐሥር በላይ ቁጥር ካለሽም እሱን ጻፊው!»

ሹፌሩ ከአልጋው ዘሎ ወረደ። «እሰይ! ከዜሮዋ ፊት አንድ ተጨመረላት!»

ከዚያ በኋላ ሥራ ተጀመረ። መጀመሪያ ሽንቴን ለምርመራ ወሰዱት፤ ኢንፌክሽን ካለ ሕክምናው ሌላ ነውና። የለም ተባለ። ቁርጠቱን የሚያስታግሰውን ኪኒን ሰጡኝ፤ ማቃጠሉን የሚያበርድ ሌላም ጨመሩልኝ። «ይህኛው ሽንትዎን ብርቱካናማ ያደርገዋል፤ አይደንግጡ» ተባልኩ። እኔ አልደነገጥኩም፤ ከኔ ቀጥሎ ሽንት ቤት የገባው ሹፌር ግን «ቀለም የደፋው ማነው?» እያለ እየሮጠ ወጣ። በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ፤ በአንድ ጊዜ መጋት የለም። ሽንት ቤት ስገባ አለመግፋት፤ ትንፋሼን ሳልይዝ በራሱ እስኪመጣ መጠበቅ። በቀን ሁለት ጊዜ ደግሞ ለብ ያለ ውሃ ሳፋ ውስጥ መቀመጥ። እኔ፣ ብረቱ፣ ሳፋ ውስጥ! ሹፌሩ በመጋረጃው ቀዳዳ «አባባ፣ ጀርባዎን ልሽዎት?» ሲለኝ በጫማ ወረወርኩት። ግን እውነቱን ልንገርህ? ያ ለብታ ገላዬን ሲነካው፣ ከገባሁ ጀምሮ የተጨበጠው ነገር ሁሉ ተፈታ። ያን ጊዜ ሽንቴ ቢመጣም አልፈራሁትም።

ዓርብ ሰባት አልኳት። ቅዳሜ ጠዋት ስድስት ብዬ ከሰዓት በኋላ ወደ ስምንት ወጣ፤ ሽንቴም ውስጥ ትንሽ ደም አየሁ። አሮጌው እኔ ተነሣብኝ፤ «ዝም በል፣ ያልፋል» አለኝ። እጄ ግን ደወሉን ተጫነች። ዶክተሩ ራሱ መጣ። «ደግ አደረጉ» አለኝ። «እንዲህ ሣሣ ያለች ቀይ ነገር በዚህ ሰሞን ብቅ ትላለች። ቢወፍር፣ ደሙ ቢረጋ፣ ሽንቱ ቢቆም ወይም ትኩሳት ቢመጣ ግን በዚያው ቅጽበት እንዲህ ይጥሩን።» ውሃውን ጨመርኩ። እሑድ አራት። ሰኞ ሁለት፤ ያም ሁለት መጨረሻው ላይ ቆንጠጥ የምታደርግ ብቻ ናት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ገባሁ። ቆምኩ። ትንፋሼን ለቀቅኩ። ጠበቅኩ። ከዚያ መጣ፤ ድምፅ አለው፤ ስንት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ! እኔና አንተ ሌሊት አምስት ጊዜ እየተነሣን ጠብ ጠብ ስናደርግ የከረምን ሰዎች ነን። ይህ ግን ጅረት ነው። በወጣትነቴ እንዳደረግኩት አጥር አያሻግርም፤ ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ አይቆራረጥም። ማቃጠሉን ጠበቅኩት። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠበቅኩት። አልመጣም።

«አባባ! ስንት?» አለ ሹፌሩ ከበሩ ውጪ።

«ዜሮ!»

ማንም አላመነኝም፤ አይፈረድባቸውም። ስወጣ ሲስተሯ ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ዐይኔን ትኩር ብላ አየች፣ ግንባሬን በመዳፏ ነካች። ላብ የለም።

«የእውነት ዜሮ?»

«የእውነት።»

መዝገቡን ገለጠችና ጻፈች። ከዚያ ያቺ የማትስቅ ሴትዮ ሳቀች። ክፍሉ አጨበጨበ። በሕይወቴ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፤ ዐሥር ፎቅ ድረስ ውሃ አውጥቻለሁ። እንደ ዛሬ ጠዋቱ የኮራሁበት ቀን የለም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ዶክተሩን ስላንተ ጠየቅኩት፤ አልሸፋፈነልኝም። «ቱቦ ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም። ኩላሊታቸው አብጧል። የፊታችን ሐሙስ ቦታ አለኝ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ክፍት ቀን ከወር ተኩል በኋላ ነው። ኩላሊታቸው ወር ተኩል ይጠብቃል ብዬ አልፈርምም» አለኝ። አባታችን እንዴት እንደ ሞተ ሁለታችንም ዐውቀን አውርተነው አናውቅም። ሆዱ አብጦ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ «ደህና ነኝ» እያለ ነው የሞተው። መጨረሻ ቃሉም እሱ ነበር። እኔ ያንን ቃል ከአንተ አፍ መስማት አልፈልግም።

አያቃጥልም ብዬ አልደልልህም። ያቃጥላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ክፉኛ፣ ከዚያ እየቀነሰ። ሰው ሁሉ እንደኔ በሳምንት ላይጨርስ ይችላል፤ ዶክተሩ አንዳንዱ ሦስት አራት ሳምንት ይቆጥራል ብሎኛል። ግን ለሚናገር ሰው መድኃኒት አለው፣ ለሚጠጣ ሰው ይታጠባል። እኔ በግትርነቴ የከፈልኩትን አንተ እንድትከፍል አልፈቅድም። ማደንዘዣው ለቆህ ዐይንህን ስትገልጥ መጀመሪያ የምታየው እኔን ነው። ስንት ነው ስትባል ያለውን ቁጥር ትናገራለህ። «ዜሮ» ብትል እኔው ራሴ «ውሸቱን ነው!» እላለሁ። ብትጮህ ደግሞ ጩህ፤ እጅህን እይዛለሁ፣ ፊቴንም አላዞርም።

ዕድሜ ልኬን አዝዤሃለሁ። ያን አንሣ፣ ይህን አጥብቅ፣ ዝም በል። ለምኜህ ግን አላውቅም፤ መለመን አልተማርኩም። ዛሬ እለምንሃለሁ። ና። ወርክሾፑ ለኔ ብቻ ምን ይሠራልኛል? ከማን ጋር እጣላበታለሁ?

ይህን ደብዳቤ ልጅህ ዛሬ ታደርስልሃለች፤ ኮሪደር ላይ ሆና እየጠበቀችኝ ነው። ነገ ጠዋት እኔን ይለቁኛል። ወደ ቤቴ አልሄድም። ስምንት ሰዓት ላይ ሹፌሩን ሊወስደው ከሚመጣው ዘመዱ መኪና ጋር በርህ ላይ ነኝ፤ ሐሙስ ለኦፕራሲዮን ለመግባት ነገ እዚህ ሆስፒታል ማደር ስላለብህ ፒጃማህን ያዝ። በሩን አልከፍትም ካልክ ውጪ ቆሜ እጮኻለሁ። ቀልድ እንዳይመስልህ፤ መጮህ ተምሬያለሁ፣ ጉሮሮዬም ገና አልደከመም። ሠፈሩ በሙሉ በመስኮት ብቅ ብሎ «ሽማግሌው ምን ሆኑ?» ሲል፣ ወንድሜን ፈልጌ ነው እላለሁ።

ታላቅ ወንድምህ፣
ነገ ስምንት ሰዓት በርህ ላይ የሚቆመው